ከስዕሉ በፊት መቀደድ ያለባት ወረቀት

ባለፈው ሚያዝያ አክስቴ አንድ ፍሬም በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሱቅ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ቤት ስትቀይር መስታወቱ ተሰንጥቆባት ነው። «መስታወቱን ብቻ ቀይሪልኝ፣ ሌላውን እንዳትነካኪው» አለችኝ። እሺ ብዬ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀን ተጽፏል። ጽሑፉን አየት አደረግኩት። የኔ እጅ ነው። ለካ ከ11 ዓመት በፊት፣ ፍሬም ቤት ተቀጥሬ ገና 3 ወር ሳይሞላኝ፣ በነፃ እሠራልሻለሁ ብዬ የሠራሁላት ነው።

የጀርባውን መሸፈኛ ቀድጄ ስዕሉን ሳወጣው ክው አልኩ። ከላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር አለ፤ ያው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ማስኪንግ ቴፕ። ከታች ደግሞ በሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቀው ፕላስተር። የላይኛው ገና ጣቴ ሲነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ሙጫው ግን የትም አልሄደም፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቁጭ ብሏል። ስዕሉን ገልብጬ ከፊት ሳየው ማዕዘኖቹ ላይ የፈሰሰ ሻይ የሚመስሉ ሁለት ቡናማ እድፎች። መሀሉ ደግሞ ሞገድ ሠርቷል። አራቱም ጫፉ ተይዞ መላወሻ ያጣ ወረቀት ሌላ ምን ያድርግ?

ስዕሉ የእንጨት ህትመት ነው፤ ቡና የምትወቅጥ ሴት። አክስቴ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች ከአንድ የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ የገዛችው ነው። የእንጨት ህትመት እዚያ ትምህርት ቤት የቆየ ነገር ነው፤ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት በዚሁ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ ይሄንኑ ጥበብ አስተምሯል። ቀለሙ ጥቁርና ዘይታማ ነው፣ በጣት ቢዳሰስ ይሰማል። ወረቀቱ ግን ስስ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሎ ስታየው ምንም አልታወቃትም፤ ምክንያቱም እድፉ ማቱ ስር፣ ማለትም ስዕሉን ዙሪያውን ከፊት የሚከበው መስኮት የተቆረጠለት ካርቶን ስር፣ ተደብቋል፣ ሞገዱን ደግሞ «ወረቀት አይደል» ብላ አልፋዋለች።

ሰው ፍሬም ሊያሠራ ሲመጣ ስለ እንጨቱ ቀለም ግማሽ ሰዓት ይጨነቃል። ወርቃማ ይሁን፣ ጥቁር ይሁን፣ ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይ። ስዕሉ ከውስጥ በምን እንደተያዘ የጠየቀኝ ደንበኛ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም ያኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ስለማትታየው ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ «ሂንጅ» ነው የምንላት። ለአበሻ ደንበኞቼ ስነግራቸው ማጠፊያ እላታለሁ፣ የበር ማጠፊያ እንደምንለው። ነገሯ ቀላል ነው። ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ናት። ግማሿ ከስዕሉ ጀርባ፣ ከላይኛው ጫፍ ላይ ትለጠፋለች። ግማሿ ከኋላ ካለው ካርቶን ጋር ትያያዛለች። ሁለት እንደዚህ ዓይነት ማጠፊያ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ፣ በቃ። ስዕሉ እንደ መጋረጃ ከላይ ይንጠለጠላል፤ ጎኑና ታቹ ነፃ ነው።

ነፃ የሚሆንበት ምክንያት ወረቀት ስለሚጠጣ ነው። አየሩ ሲረጥብ ክሮቹ እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ፣ ሲደርቅ ይሟሽሻሉ። በዚያ ላይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አያብጥም፤ በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደሉ ስለሆኑ በእነሱ አግድም ነው ይበልጥ የሚሰፋው። እዚህ እኛ ያለንበት የዋሽንግተን አካባቢ በጋው ላብ በላብ የሚያደርግ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ማሞቂያው ቤቱን አድርቆት ከንፈር ይሰነጠቃል። አዲስ አበባም ቢሆን የሐምሌና የጥር አየር አንድ አይደለም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ዓመቱን ሙሉ ይተነፍሳል ማለት ነው። አራት ጫፉን በፕላስተር ከጠረነፋችሁት መሰፋት ሲፈልግ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ወደ ፊት ይነፋል። ያ ነው ሞገዱ። አንዳንዴ ደግሞ ሲደርቅ ተወጥሮ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ፕላስተሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ተራው ስኮችና ማስኪንግ ቴፑ ብዙውን ጊዜ ከጎማ የተሠራ ሙጫ አላቸው። መጀመሪያ ሲለጠፍ ደህና ነው፣ እንዲያውም ቶሎ ብትደርሱበት ይላቀቃል። ከዚያ ይለሰልስና መፍሰስ ይጀምራል። ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ወረቀቱንም ዘይት እንደነካው ብርሃን አሳላፊ ያደርገዋል። ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል። መጨረሻ ላይ ፕላስተሩ ራሱ ተፈርፍሮ ይወድቃል። ስዕሉን መያዙን ትቶታል፣ እድፉ ግን የቤቱ ባለቤት ሆኗል። የአክስቴ ስዕል ሙሉውን መንገድ ነው የሄደው።

«እኔ እኮ አሲድ የለበትም የሚለውን ነው የገዛሁት» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ነው፣ ከስኮች ይሻላል። አብዛኞቹ አክሪሊክ ሙጫ ስላላቸው ቶሎ ቢጫ አይሆኑም። ግን አሲድ የለውም ማለት ይላቀቃል ማለት አይደለም። ያ ሙጫ ቀስ እያለ በክሮቹ መሀል እየገባ ይሄዳል፣ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ይጠነክራል። የዛሬ 20 ዓመት የሚከፍተው ሰው ወረቀቱን ሳይልጥ ማንሳት ላይችል ይችላል። ማሸጊያው ላይ «አርካይቫል»፣ ማለትም ለረጅም ዘመን የሚቆይ፣ ተብሎ በትልቁ የተጻፈውም ብዙ አያስደንቃችሁ፤ ማንም የፈለገው ነገር ላይ ሊጽፈው ይችላል። ለልጃችሁ ሥዕል፣ ለፖስተር፣ ነገ ለምትጥሉት ነገር ከሆነ ለጥፉ፣ ማንም አይከሳችሁም። ምትክ ለሌለው ነገር ግን አይሆንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አለቃዬ የነበሩት ሰውዬ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ነበር የማወጣው። ማጠፊያዋ ከስዕሉ ደካማ መሆን አለባት ይሉኛል። በመጀመሪያ ሲነግሩኝ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። ስዕሉን የሚይዘው ነገር እንዴት ደካማ ይሁን? ቀን ወጥቶለት ነው የገባኝ። ምስማሩ ተነቅሎ ፍሬሙ ቢወድቅ ስዕሉ ከውስጥ በኃይል ይጎተታል። የሆነ ነገር መቀደድ አለበት። ማጠፊያዋ ጠንካራ ጨርቅ ከሆነች ስዕሉ ይቀደዳል። ማጠፊያዋ ስስ ወረቀት ከሆነች እሷ ትቀደዳለች፣ ስዕሉ ከመስታወቱ ታች ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እኔም በግማሽ ቀን አዲስ ማጠፊያ እሠራለታለሁ። በቃ፣ የቤታችሁ ቆጣሪ ላይ ያለችው ፊውዝ ማለት ናት።

ሁለተኛው ነገር ማጠፊያዋ በውሃ መልቀቅ አለባት። ያለ ኬሚካል፣ ያለ ምላጭ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የሚያሟላው የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫ ነው።

የጃፓን ወረቀት ስል ኮዞ ከሚባል ተክል ቅርፊት የሚሠራውን ነው። ኮዞ ከእኛ ሾላና ዋርካ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ይሄን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ክሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ አይበጠስም። ሴኪሹ የሚባለው ዓይነት ለማጠፊያ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው። ይሄንኑ ሴኪሹን ከሌሎች ሁለት የጃፓን እጅ ሥራ ወረቀቶች ጋር ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ለቀላል ስዕል በጣም ስሱን፣ ለከበድ ያለው ትንሽ ወፈር ያለውን ትወስዳላችሁ። ሁልጊዜ ግን ከስዕሉ ወረቀት ይሳሳ።

በመቀስ አትቁረጡት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። በቀጭን ብሩሽ ውሃ ነክራችሁ ወረቀቱ ላይ መስመር ታሰምራላችሁ፣ ውሃው ሲጠጣ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ትጎትታላችሁ። ወረቀቱ ሲለያይ ጫፉ ላይ እንደ ጥጥ የመሰሉ ክሮች ይወጣሉ። እነዚያ ክሮች ናቸው ስዕሉ ጀርባ ላይ ተኝተው ሳይታወቁ የሚጠፉት። በመቀስ የተቆረጠ ጫፍ ግን ሹል መስመር አለው፣ ስስ ወረቀት ከሆነ ያ መስመር ከፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። አንዴ የአንድ ደንበኛ ውሃ ቀለም ላይ ይሄው ደርሶብኝ ሰማዩ ላይ ቀጭን መስመር አስይዤበት ነበር። መብራቱ ከጎን ሲመጣ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሰውየውም እስከ ዛሬ አላየውም መሰለኝ። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ሙጫው ላይ ደግሞ እናቴ ብትኖር ከኔ የተሻለ ትሠራው ነበር። ምክንያቱም አጥሚት ማለት ነው፤ የሥራው ጥበብ ሁሉ ማማሰል ላይ ነው። የስንዴ ስታርች ነው የምትገዙት እንጂ ዱቄት አይደለም። ልጅ ሆነን ደብተር በጋዜጣ ስንለብድ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠን ነበር የምናጣብቀው፣ ይሠራል ደግሞ። ግን ዱቄት ውስጥ ሊጡን የሚያለጥጠው ግሉተን አለ፣ እሱ ሲያረጅ ይቀልማል፣ በረሮና ብልም ይወደዋል። ስታርቹ እሱ የተለየለት ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ እጅ ስታርች፣ አምስት እጅ ንጹህ ውሃ፣ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። ትንሽ ጊዜ ይረፍ። ከዚያ በጣም በቀዘቀዘ እሳት ላይ፣ ሳያቋርጡ ማማሰል። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ከዚያ ድንገት ይወፍራል፣ እዚህ ጋ ስልክ ከደወለ አታንሱ፣ ይጓጉላል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካማሰላችሁት ነጭነቱ እየለቀቀ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ነገር ይሆናል፣ ከማማሰያው ላይ በዝግታ ይወርዳል። በስሏል ማለት ነው። ይቀዝቅዝ። ሲቀዘቅዝ እንደ ገንፎ ይቆማል። ያንን በጥሩ ወንፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሳለፍ ነው፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ። ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ እየጨመራችሁ በብሩሽ እየመታችሁ ታቀጥኑታላችሁ፤ ቀጭን አጥሚት እስኪመስል ሳይሆን ወፈር ያለ ክሬም እስኪመስል። ቀጥኖ ከሆነ ውሃው ይበዛና ስዕሉን ያጨማድዳል። ብዙ አትሥሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ሲሸት ጣሉት። ለአንዲት ስዕል ብቻ ከሆነ ሁለት ማንኪያ ስታርች በማይክሮዌቭ፣ 20 ሰከንድ እያሞቁ እያወጡ እያማሰሉ፣ ይበቃል። ወንፊቱን ግን አትዝለሉት።

ማማሰል የሰለቸው ሜቲል ሴሉሎስ የሚባል አለ። ዱቄቱን በውሃ መበጥበጥ ብቻ ነው፣ አይበስልም፣ አይኮመጥጥም። ግን የመያዝ ጉልበቱ ደከም ያለ ነው። ለትንሽና ቀላል ወረቀት ይሆናል፤ ከስታርቹ ጋር ቀላቅለው የሚጠቀሙም አሉ።

አሁን መለጠፉ። ከሁሉም የምወደው ሰዓት ይሄ ነው፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሬዲዮ ከፍቼ የምሠራው። ስዕሉ ንጹህ ወረቀት ላይ በፊቱ ይተኛል። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ውሃ ነክቼ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ አያለሁ። ማርከር፣ አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም፣ የኢንክጄት ህትመት፣ እነዚህ ውሃ ሲያዩ ይሸሻሉ። የሚሸሽ ከሆነ እዚያው ቆሜ ወደ ሌላ ዘዴ እሄዳለሁ። ካልሸሸ ማጠፊያዋ ላይ ሙጫውን በስሱ እቀባለሁ፤ ከስዕሉ ጀርባ የምታርፈው ክፍል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያው አልለጥፍም። እጠብቃለሁ። የሙጫው አብረቅራቂነት ደብዘዝ እስኪል፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚተነው ውሃ ወደ ስዕሉ የማይገባ ውሃ ነው።

ከተለጠፈች በኋላ ከላይ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ሙጫው እንዳይዘው። ከሱ በላይ መምጠጫ ወረቀት፣ በዕድሜ ጠና ያላችሁ በብዕርና በቀለም ስትጽፉ የምታስታውሱት ዓይነት። ከዚያ ቁራጭ መስታወት፣ ከዚያ ክብደት። መምጠጫውን ከአንድ ደቂቃ በኋላ እቀይራለሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ብችል እስከ ጠዋት። ቸኩዬ በ10 ደቂቃ ያነሳሁት ቀን ማጠፊያዋ ዙሪያ ወረቀቱ ተኮማትሮ የሕፃን ከንፈር መስሎ አገኘሁት። መልሼ አርጥቤ፣ መልሼ ተጭኜ፣ ሁለት ቀን።

በመጨረሻ የማጠፊያዋ ሌላኛው ግማሽ ከስዕሉ በላይ ወደ ካርቶኑ ይወጣል፣ በላዩ ላይ ሌላ ቁራጭ አግድም ይለጠፍበታል። ሲታይ የላቲኑን ቲ ፊደል ይመስላል። ይሄ ጠርዙ በማት ለሚሸፈን ስዕል ነው። የወረቀቱ ጠርዝ እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ በእጅ የተሠራ ወረቀት ጠርዙ ራሱ ውበት ነውና፣ ማጠፊያዋ ከስዕሉ ኋላ ታጥፋ ትደበቃለች። ለትልቅና ለከባድ ወረቀት ደግሞ ካርቶኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ተሰንጥቆ ማጠፊያዋ በሱ አልፋ ከጀርባ ትለጠፋለች፤ ክብደቱ ሲጎትት ሙጫውን ከመላጥ ይልቅ ካርቶኑ ላይ ይደገፋል። ትልቅ ስዕል ሁለት ማጠፊያ ላይበቃው ይችላል፣ ሦስትም አራትም ይደረጋል፣ ግን ሁሉም ከላይ።

ሰሞኑን አንድ ጋሼ መጡ። የአባታቸውን የሹመት ደብዳቤ ይዘው፣ በንጉሡ ዘመን የተጻፈ፣ ከላይ ማኅተም ያለበት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ከኋላው ለጠፍ ለጠፍ አድርጊና ቅዳሜ ልውሰደው።»

«ጋሼ፣ እሱማ አይለጠፍም።»

«ታዲያ በምን ሊቆም ነው? በጸሎት?»

ሳቄን አፍኜ አሳየኋቸው። የማኅተሙ ቀለም ውሃ ስለማይወድ ሙጫ የሚባል ነገር አላስጠጋሁትም። እንደ ድሮ የፎቶ አልበም ማዕዘን ነው የሠራሁላቸው፤ ከጠራ ፖሊስተር ታጥፎ የተሠራ ትንሽ ኪስ፣ አራቱም ማዕዘን ላይ። ሙጫው ኪሱን ከካርቶኑ ጋር ነው የሚይዘው፤ ደብዳቤው አይነካውም። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት እተዋለሁ፣ ሲያብጥ እንዲሰፋ። ለደብዳቤ፣ ለዲፕሎማ፣ ለፎቶ መጀመሪያ የማስበው ይሄን ነው፣ ማት ማዕዘኖቹን እስከሸፈነው ድረስ። ቤት ውስጥ ራሳችሁ ልትሠሩት የምትፈልጉ ካላችሁም ከዚህ ጀምሩ፤ ብትሳሳቱ የሚበላሽ ነገር የለም። ትልቅና ስስ ወረቀት ላይ ግን አይሆንም፣ መሀሉ ይንጠለጠላል። ማዕዘኑ የተሰባበረ አሮጌ ወረቀትም እንደዚያው።

ጋሼ ደብዳቤውን ቅዳሜ ሳይሆን ሰኞ ወሰዱት። «ጸሎቱ ሠራ» ብለውኝ ሄዱ።

ብራና ይዛችሁ የምትመጡም አላችሁና ቶሎ ልበል። ብራና ወረቀት አይደለም፣ ቆዳ ነው። ከላይ ያልኩት የእርጥብ ሙጫ ነገር እሱ ላይ አይሠራም፤ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ከወረቀት በባሰ ከአየሩ ጋር ይላወሳል። ክታብም ሆነ አንድ ገጽ፣ የብራና ጥገና የተማረ ሰው ዘንድ ነው የምልከው። ከመጽሐፍ ተገንጥሎ ለቱሪስት የተሸጠ ገጽ ሲመጣብኝ ደግሞ ሥራውን ከመሥራቴ በፊት ትንሽ እናደዳለሁ፣ ይቅር በሉኝ።

ማጠፊያዋ ምንም ጥሩ ብትሆን ከኋላዋ ያለው ካርቶን መጥፎ ከሆነ ዋጋ የላትም። ርካሹ ካርቶን ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው፣ ጊዜ ሲያልፍ አሲድ ይወጣዋል። አሮጌ ፍሬም ቤታችሁ ካለ ማቱ የተቆረጠበትን ተዳፋት ጠርዝ እዩት። ነጭ የነበረው ቡናማ ከሆነ፣ ስዕሉም ላይ በዚያው መስመር ቡናማ ጥላ አለ ማለት ነው። ከጥጥ የተሠራውን ግዙ፣ ካልሆነ ቢያንስ እንጨቱ የተጣራለትን። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮበታል፣ ያው የኖራ ድንጋይ የምንለው ነገር፣ አሲዱን እንዲያበርድ። ለፎቶ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ፎቶ እንደማይጎዳ የሚፈትሸውን፣ ፒኤቲ የሚባለውን ፈተና ያለፈ መሆኑን ጠይቁ። ኮምፔርሳቶና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ከስዕሉ ጋር አይገናኙ፣ የሚያወጡት ጋዝ ራሱ ጠላት ነው። መስታወቱም ስዕሉን አይንካ፤ ማቱ ያለው ለቁንጅና ብቻ አይደለም፣ በመሀል አየር እንዲኖር ነው። ከሰልና ፓስቴል ከሆነ በመስታወት ፋንታ ፕላስቲክ አታስገቡ፣ ፕላስቲኩ ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ብናኙን ከወረቀቱ ላይ ይመጠዋል። ያ ጠንካራ የተልባ እግር ጨርቅ ፕላስተር፣ በውሃ የሚረጥበው፣ እሱ ቦታ አለው፤ ማቱን ከኋላው ካርቶን ጋር እንደ መጽሐፍ ሽፋን ለማያያዝ ነው። ስዕሉን ለመያዝ አይደለም።

ወደ አክስቴ ስዕል። እድፉን ራሴ ለማንሳት አልሞከርኩም፤ እሱ የኬሚካል ሥራ ነው፣ ለወረቀት ጠጋኝ ሰጠሁት፣ ከኪሴ ከፍዬ። የፍሬሙ ሥራ ያኔ በነፃ ነበር፣ ጥገናው ግን ከፍሬሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። በስድስት ሳምንት ተመለሰ። የደረቀው ሙጫ ወጥቷል፣ ሞገዱ ተኝቷል፣ እድፉ ደግሞ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ማቱን አንድ ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አስገባሁትና ሸፈነው። ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ እኮ ሌላውን አትነካኪ ብዬሽ ነበር» አለች።

አሁን የተሰቀለው ኮሪደሯ ላይ ነው፤ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከወጥ ቤቱ እንፋሎትም የራቀ። ሁለት ማጠፊያ ከላይ፣ ስስ ሴኪሹ። ጀርባውን ከማሸጌ በፊት የድሮውን ቀን አልፋቅኩትም። ከሱ ስር በእርሳስ አዲሱን ቀን ጻፍኩ፤ ቀጥዬም «የጃፓን ወረቀት፣ የስንዴ ስታርች፣ በውሃ ይለቃል»።